ካርድ ጠያቂው እኔ ነበርኩ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይቺን ጽሑፍ አንብባት፤ አንተን ነው የምትሰድበው» ብሎ ላከልኝ። አነበብኳት። ስሜ አይጠራ እንጂ እውነቱን ነው። ጸሐፊው በኮቪድ ጊዜ ምግብ ቤት፣ ኮንሰርት ወይም ስታዲየም ለመግባት የክትባት ማረጋገጫ መጠየቁ ከመነሻው ግፍ እንደነበር፣ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣም እንዳይደገም ከአሁኑ በሕግ መከልከል እንዳለበት ይከራከራሉ። በር ላይ ቆመው ካርድ ይጠይቁ የነበሩትን ደግሞ በደርግ ጊዜ ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት ከሚያገላብጡት ጋር ያመሳስሏቸዋል። እኔ እንግዲህ በጃንዋሪ 2022 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሜ ካርድ ሳገላብጥ የነበርኩ ሰው ነኝ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ማረጋገጫ መጠየቁ ትክክል የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ትክክል ያልነበረበትም ጊዜ ነበር። ጸሐፊው የኋለኛውን ይዘው በፊተኛው ላይ ይፈርዳሉ። የዲሲው ትእዛዝ ጥፋቱ መዘግየቱ ነው። ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ለዚያ በር ጥብቅና ስቆም ድምፄ አይርድም ነበር።

ክርክራቸው አምስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰው በገዛ ገላው ላይ ሌላ አዛዥ የለበትም፤ ክትባቱ መተላለፉን ካላስቆመ ካርዱ ተራ ወረቀት ነው፤ ሕዝቡን ንጹሕና ርኩስ ብሎ ከፈለ፤ ደግሞም ካርዱ በሐሰት ይሠራ ስለነበር ልፋቱ ከንቱ ነው።

«ታይቶ አይታወቅም» ከሚለው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ለመሆኑ ጸሐፊው ሐጅ ሄዶ የመጣ ጎረቤት የላቸውም? በ1987 ከሐጅ ጋር የተያያዘ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተነሳ ወዲህ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሐጃጆች የማጅራት ገትር ክትባት ማረጋገጫ ትጠይቃለች። በ2000 እና በ2001 ሌላ ዝርያ ሐጃጆችን መትቶ ወደየሀገራቸው ይዘውት ሲመለሱ ደግሞ መስፈርቱ አራት ዝርያዎችን ወደሚከላከለው ክትባት ከፍ አለ። መርፌው ሐጃጁ እዚያ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሐጅ በዓለም ካሉት ትልልቅ የሕዝብ ስብስቦች አንዱ ነው። ለምእመኑ የዕድሜ ልክ ምኞቱ ስለሆነ፣ «ካልፈለግክ ቅር» ተብሎ የሚታለፍ የቅዳሜ ማታ ሙዚቃም አይደለም። ማጅራት ገትር ስትፈራ ከኖረች ሀገር የሚነሱት የእኛ ሐጃጆችም ካርዱን ከፓስፖርታቸው ጋር ይዘው ሲሄዱ ስንት ዘመናቸው! በዚህ ምክንያት «ሃይማኖቴ ተደፈረ» ያለ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ቢጫ ካርዱንም አንርሳ። አፍሪካ ውስጥ ከሀገር ሀገር የተዘዋወረ ነጋዴ፣ አብራሪ፣ የመንግሥት ልዑክ የቢጫ ወባ ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ ሰክቶ ነው የሚሄደው። እዚህ አሜሪካ ያለን ወላጆችም ትምህርት በተከፈተ ቁጥር የልጆቻችንን የክትባት መዝገብ ከሐኪም ቤት ትምህርት ቤት ስናመላልስ እንከርማለን። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት በፈንጣጣ ጊዜማ ካርድ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ማረጋገጫው ክንድ ላይ የቀረው ጠባሳ ነበር። ስለዚህ አዲስ የሆነው መጠየቁ አይደለም። ጥብስ ከማዘዛችን በፊት መጠየቃችን ነው አዲሱ፤ ይህ ደግሞ ደስ አይልም፣ እኔም አልወደድኩትም።

ስለ ገላ ነጻነት ብዙ አልቆይም። እኔ በቆምኩበት በር ላይ መርፌ ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም። ካርድ የሌለው ሰው ምግቡን አዝዞ በፌስታል ይዞ መሄድ ይችል ነበር። ግሮሰሪ፣ ፋርማሲ፣ ሐኪም ቤት ካርድ አይጠየቅባቸውም። ጸሐፊው «ምእመናንን ከቅዳሴ አገዱ» ያሉትማ ፍጹም ስህተት ነው፤ የዲሲው ትእዛዝ የአምልኮ ቦታዎችን በግልጽ ነጻ አድርጎ ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤት ይሂድ ከተባለም ቀድሞ ሄዷል። ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባሉ ትውልደ ስዊድን ፓስተር ኬምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ አልከተብም ብለው 5 ዶላር ተቀጡ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1905 በ7 ለ2 ድምፅ ተረቱ። ያ ሕግ ቤቱ የተቀመጠውን ጎልማሳ ሁሉ የሚያስገድድ ነበር፤ የእኔ በር የሚመለከተው ውስጥ ልቀመጥ የሚለውን ብቻ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት የጃንዋሪ 2022 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ደግሞ 100 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚያሠሩ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን እንዲያስከትቡ ወይም እንዲያስመረምሩ ያዘዘውን የፌዴራል ደንብ የሚመለከት ነው። የታገደውም የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ኮንግረስ ያልሰጠውን ሥልጣን ተጠቅሟል ተብሎ ነው። ከተማ በበሽታ ጊዜ ምን ማድረግ ትችላለች የሚለውን ጥያቄ አልነካም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ክትባቱ መተላለፉን ካላስቆመ ካርዱ ምን ይነግረናል?

ጸሐፊው ዋና ምስክር አድርገው የሚያቀርቡት ፕሮቪንስታውንን ነው። በጁላይ 2021 በዚያች የማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የበጋው ጭፈራ በደራበት ሰሞን ዴልታ የተባለው የኮቪድ ዝርያ ገባ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ወዲያው ባወጣው ዘገባ ከተቆጠሩት 469 የማሳቹሴትስ ነዋሪዎች 74 ከመቶዎቹ የተከተቡ ነበሩ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ክትባቱ ለምንም አልረባም ይላሉ።

ነገሩን ወደ ሰርግ እናምጣው። መቶ ሰው የተጠራበት ሰርግ ነው እንበል። 90ው ተከትቧል፣ 10ሩ አልተከተበም። ከተከተቡት ከአሥር አንዱ ታመመ፤ 9 ሰው። ካልተከተቡት ግማሹ ታመመ፤ 5 ሰው። ከ14ቱ ሕሙማን 9ኙ የተከተቡ ናቸውና ክትባቱ አይረባም የሚል ሰው፣ ዝናብ የመታው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ነበር ብሎ ጃንጥላውን እንደሚጥል ነው። የተከተበው ሰው በበዛ ቁጥር ከታማሚው ውስጥም የተከተበው ድርሻ ይበዛል። ሁሉም ቢከተብ ታማሚው ሁሉ የተከተበ ይሆናል።

ከ469ኙ ሆስፒታል የተኙት 5 ናቸው፤ የሞተ የለም። ከአምስቱ አራቱ የተከተቡ ነበሩ፤ ለጸሐፊው ክርክር የሚጠቅም ቁጥር ስለሆነ እሳቸው ባይጠቅሱትም እኔ ልጥቀሰው። በዴልታ የተያዘ የተከተበ ሰው አፍንጫ ውስጥ የተገኘው የቫይረስ መጠን ካልተከተበው ጋር መቀራረቡም እውነት ነው። ማዕከሉ የተከተቡትም ጭምር ማስክ ይልበሱ ያለው በዚህ የተነሳ ነበር። ነገር ግን «ከተያዘ ያስይዛል» እና «እኩል ይያዛል» ለየቅል ናቸው። በዚያ በጋ በቅርብ የተከተበ ሰው የመያዝ ዕድሉ በግልጽ ያንሳል። ያልተያዘ ደግሞ አያስይዝም። ካርዱ የሚናገረው ይህን ያህል ነው፦ በሩን አልፎ የሚገባው ሰው ዛሬ ማታ ቫይረሱን ይዞ የመምጣቱ ዕድል ቀንሷል። ዜሮ ነው አይልም። ቢታመምም ሌላው የሚፈልገውን የጽኑ ሕሙማን አልጋ የመያዙ ዕድል ደግሞ እጅግ ቀንሷል።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት ሌላ ዝግጅት አለ። በኖቬምበር 2021 ኒው ዮርክ ጃቪትስ ማዕከል ውስጥ የጃፓን ካርቱን አፍቃሪዎች ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ ለሦስት ቀን ወደ 53 ሺህ ሰው ተሰብስቦበታል። ከሚኒሶታ የመጣ አንድ ተሳታፊ፣ ከዴልታ ቀጥሎ በመጣው ዝርያ፣ በኦሚክሮን፣ በአሜሪካ መጀመሪያ ከተያዙት አንዱ ሆኖ ሲገኝ ሁሉም «አለቀልን» አለ። ውጤታቸው ከተገኘው 4,560 ተሳታፊዎች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 119 ነበሩ፤ 2.6 ከመቶ፣ ማለትም በዚያን ሰሞን ከከተማዋ ጠቅላላ ሁኔታ ብዙም የማይለይ። በሩ ላይ የክትባት ማረጋገጫ ይጠየቅ ነበር። ማስክም ግዴታ ነበር፣ አዳራሹም የአየር ማጣሪያ ነበረው። ከሦስቱ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም፤ እኔም ሁሉንም ለካርዱ አልሰጥም። ግን «ካርድ የተጠየቀበት ስብስብና ያልተጠየቀበት አንድ ነው» ብሎ በድፍኑ ለሚናገር ሰው ይህ ዝግጅት የማይመች ምስክር ነው።

ካርዱ ሁለተኛም ሥራ ነበረው፤ ያመነታውን መግፋት። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም፤ ጫና ነበር። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ጁላይ 12 ቀን 2021 ማታ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ከኦገስት ጀምሮ ካፌና ምግብ ቤት ያለ ማረጋገጫ አይገባም ሲሉ፣ በአንድ ቀን ከ900 ሺህ በላይ ሰው የክትባት ቀጠሮ ያዘ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሀገሮችን ያነጻጸረ ጥናት ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ ወጥቷል። በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በስዊዘርላንድና በእስራኤል ተከታቢው ጨምሯል፤ በጀርመን ግን የታየ ለውጥ የለም፤ የዴንማርኩ ደግሞ በጊዜው የክትባት እጥረት ስለነበር ግልጽ አልሆነም። ማለትም ማረጋገጫ መጠየቁ የሚሠራው ብዙ ያልተከተበ ሰው ባለበት ነው፤ ቀድሞ የተከተበ ሀገር ውስጥ ከወረፋ በቀር የሚያተርፈው የለም። ለዚህ ነው ጉዳዩ የመቼና የየት ነው የምለው።

እንግዲህ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ስፍራ ላይ ደረስኩ። ኒው ዮርክ ማረጋገጫ መጠየቅ የጀመረችው በኦገስት 2021 ነው፤ ዴልታ ገና ሲያይል፣ ክትባቱም ገና ትኩስ ሳለ። ዲሲ ትእዛዙን ያስታወቀችው ዲሴምበር 22 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ነው። በመሀል ኦሚክሮን መጥቶ ከተማዋን አጥለቅልቋት፣ በር ላይ ስንቆም ማዕበሉ መውረድ ጀምሮ ነበር። ኦሚክሮን ደግሞ ሁለት ዶዝ የተወጋውን ሰው እንደልቡ ይይዝ ነበር። እኛ የምንጠይቀው ግን አንድ ዶዝ ነበር! ሁለተኛው ዶዝ ግዴታ የሚሆነው ፌብሩዋሪ 15 ነው ተባለ፤ በዚያው ፌብሩዋሪ 15 ትእዛዙ ጭራሽ ተነሳ። ወጥ ቤት ያሉት ልጆች «ዕድሩ የደረሰው ከሰልስቱ በኋላ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ከጎረቤታችን ከሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚመጡ ደንበኞቻችንም «እኛ ጋ እኮ አይጠየቅም» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው፣ ካውንቲው ሐሳቡን አንስቶ ሳያጸድቀው ቀርቷል። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አሥራ አምስት ደቂቃ ነድቶ ያለ ካርድ መብላት ከተቻለ፣ በሩ ምኑን ዘጋ?

ጸሐፊው ይህን አንድ ወር ብቻ ቢከሱት እኔም ምስክር ሆኜ እቀርብላቸው ነበር።

መከፋፈሉንስ? በሩ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ካርዱ ከኪስ ቦርሳ ይተልቃል፤ ያሠራው ሰው ቦርሳ ይዞ የማያውቅ ይመስላል። ሁሉም አጥፎት ነው የሚመጣው፣ ወይ በስልኩ ፎቶ አንስቶት። አብሮ መታወቂያ መታየት ነበረበት፤ እዚህ ላይ የሀበሻ ስም ጉድ አፈላ። መንጃ ፈቃዱ ላይ ተስፋዬ በሁለት ኤስ ይጻፋል፣ ካርዱ ላይ በአንድ። ፋርማሲው የአያትን ስም ዘሎታል፣ ወይም የአባትን ከራሱ ስም ጋር አጣብቆታል። አንድ ምሽት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ፤ ካርዱና መታወቂያው በምንም አይገናኝም።

«እማማ፣ ይሄ የማን ካርድ ነው?»

«የእኔ ነዋ! ክንዴን ላሳይህ?» ብለው በዚያ ብርድ የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

ለካስ ለነርሷ የነገሯት የክርስትና ስማቸውን ኖሯል። አስገባኋቸው። ሕጉን ጥሼ ከሆነ ጥሻለሁ።

የመለስኩትም ሰው አለ። ሽማግሌ ናቸው፣ የቤቱ የድሮ ደንበኛ፤ አልተከተቡም፣ ምክንያታቸውንም አልጠየቅኳቸው። ክትፏቸውን አሽጌ መኪናቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ተቀበሉኝና «እንግዲህ እንደ ፖስታ በመስኮት ሆነናል» አሉ። ምን እላለሁ? «ጋሼ፣ ለአንድ ወር ነው» አልኩ፣ መቼ እንደሚያበቃ ሳላውቅ። የጸሐፊውን ጽሑፍ ሳነብ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ቅሬታው ውሸት ነው የሚል ከእኔ አይሰማም።

የይለፍ ወረቀቱ ንጽጽር ግን አይያዝም። የይለፍ ወረቀት የሚገኘው የቀበሌው ሰው ሲፈቅድ ነበር፤ ካልፈቀደ የትም አይኬድም፣ ለምን ብሎ መጠየቅም ያስጠረጥራል። ክትባቱን ግን ማንም ሰው ፋርማሲ ገብቶ በነጻ ይወጋው ነበር፤ መኖሪያ ፈቃድ አለህ ወይ የሚለው እንኳ የለም። በግድ ንጽጽር ካስፈለገ ትክክለኛው ፍትሕ መጓደል ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኢትዮጵያ በማርች 2021 መጀመሪያ የተቀበለችው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ ሕንድ ውስጥ የተመረተው አስትራዜኔካ፣ ኮቪሺልድ ነበር። በጁላይ 1 የአውሮፓ ኅብረት የኮቪድ ሰርተፊኬት ሲጀመር ግን ያው ክትባት አውሮፓ ውስጥ ሲመረት ይቆጠራል፣ ሕንድ ሲመረት በዝርዝሩ ውስጥ የለም! የአፍሪካ ኅብረት አምርሮ ተቃወመ፤ ብዙ የአውሮፓ ሀገሮችም ኋላ በየራሳቸው ተቀበሉት። አዲስ አበባ ተሰልፎ የተወጋ ሰው በወረቀት ምክንያት እንዳልተወጋ የተቆጠረበትን ይህን ነገር ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልሰጡትም፤ ከዲሲ ክትፎ ይልቅ የሚያስቆጣው እሱ ነበር።

አንድ ተጨማሪ ነጥብም አላቸው፤ ታሞ የዳነውን ሰው የአሜሪካ ከተሞች እንደምንም አልቆጠሩትም ይላሉ። ልክ ናቸው። አውሮፓና እስራኤል ከበሽታው ላገገመ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ማረጋገጫ ይሰጡ ነበር። ኒው ዮርክና ዲሲ ግን «ታሞ መዳን አይቆጠርም» አሉ፤ ለዚህ አሳማኝ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።

በሐሰት የተሠሩ ካርዶች ነበሩ ወይ? ነበሩ። ሁለቱን እኔም ይዣለሁ፤ አንደኛው ላይ የሁለተኛው ዶዝ ቀን ከመጀመሪያው ይቀድም ነበር። በዚህ ምክንያት ካርድ አይጠየቅ ካልን፣ የሐሰት ብር ስላለ ገበያ ይዘጋ ልንል ነው።

የቀረኝ በሕግ ይከልከል ያሉት ነው። ክልከላው ስለ ኮቪድ ብቻ ቢሆን አልከራከርም፤ ኮቪድን በሚመለከት ያ በር ጊዜው አልፎበታል። እሳቸው የሚሉት ግን የትኛውም ክትባት፣ የትኛውም በሽታ፣ ለሁልጊዜ። ኩፍኝን እንውሰድ። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየር ላይ ይቆያል፤ ክትባቱ ግን ሁለት ዶዝ የወሰደውን ከመቶ 97 ያህል ይከላከልለታል። እዚህ ላይ «አያስቆምም» የሚለው ክርክር አይሠራም፤ ያስቆማል። በ2019 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሮክላንድ ካውንቲ ኩፍኝ ከ150 በላይ ሰው ሲይዝባት፣ ያልተከተቡ ልጆች ለአንድ ወር ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ እንዳይገቡ አወጀች። ዳኛው በአሥር ቀን ገደማ አገዱት፤ የታማሚው ቁጥር እንደ ግዛቱ ሕግ ወረርሽኝ ለመባል አይበቃም ብለው። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ካውንቲው ከበር አልፎ ገበያውንም ምኩራቡንም ሁሉ ነው የዘጋው። ዳኛው ግን ቁጥሩን መዝነው እንጂ «መቼም አይሆንም» ብለው አልፈረዱም።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው እንዲመልሱልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ነገ ኩፍኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢገባና በዚያው ሳምንት የእንቁጣጣሽ በዓል አዳራሽ ውስጥ ቢዘጋጅ፣ ገና ለክትባት ያልደረሱ የአራት ወር ሕፃናትን ያቀፉ እናቶች ከአዘጋጆቹ ምን እንዲጠየቅላቸው ይፈልጋሉ? እናቶቹ ቤት ይቅሩ ነው መልሱ?